እንግዳ የማይለቁት ቡቡ ሲኔላ

እንግዳ ተቀባይ ሞልቷል። እንግዳ መሸኘት የማይችል ሰው ግን ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጫማችሁን አጥልቃችሁ በር ላይ ስትቆሙ አዲስ ወሬ የሚጀምረው እሱ ነው። የመጣችሁት በጠዋት ሆኖ ሳለ፣ ፀሐይ እየጠለቀች፣ "ውይ፣ አሁን መጥታችሁ አሁን?" ይላችኋል። ቦርሳችሁን ነጥቆ ጓዳ ካስገባ በኋላ "በሞቴ" ይላል። ለዚህ ዘር ሁሉ አለቃ ቢመረጥ ወንበሩ ከዋሪሊ ደሴት አይወጣም። ስለዚህ በሙሉ ማዕረጋቸው እንጥራቸው፦ የቀድሞው ገዢ ቤት ባለቤት፣ የነጮቹ መቃብር ጠባቂ፣ የባሕር ጠባይ ተንባይ፣ ክብርት ቡቡ ሲኔላ። ቡቡ አያት ማለት ነው። ከአውስትራሊያ የሚመጣው ፀጉሩ የሸበተ ባሕር ጠላቂ ሳይቀር ቡቡ ይላቸዋል።

ዋሪሊ ላይ እንግዳ የሚመጣው ለሁለት ነገር ነው። አንዱ በአሮጌው የመርከብ መቆሚያ ምሰሶዎች መካከል የሚርመሰመሱትን ዓሦች ጠልቆ ለማየት፣ ሌላው ደሴቲቱ የአውራጃው መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ነጮቹ ጥለውት የሄዱትን ለመጎብኘት። ዓሦቹን የሚያሳየው ላባኒ ነው። ላባኒ የቡቡ ሲኔላ የእህት ልጅ ነው፤ አርባን ያለፈ፣ ሚስቱ ማዶ ወዳለው ትልቁ ምድር ተሻግራ የቀረችበት፣ ሲያጉረመርም የሚውል ሰው። የሞቱትን ነጮች የሚያሳዩት ራሳቸው ቡቡ ናቸው።

ሁለቱንም ነገር ጠዋት አይቶ ከሰዓት መሄድ ይቻላል። ይህ ግን ለቡቡ ሲኔላ የሚታሰብ አይደለም። የመቃብሩን ጉብኝት በቀን በቀን ይከፋፍሉታል፤ ዛሬ የመርከበኛው፣ ነገ የሚሲዮናዊው፣ የገዢው የሚስተር ፔልሃም ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ። የሚስተር ፔልሃምን ሸሚዝ ትተኩስ የነበረችው የቡቡ አያት ናት። ድንጋዩ ላይ "ሰላምን ያመጣ" ተብሎ ተጽፏል። "ያመጣውስ ቀረጥና የእስረኛ ገመድ ነው" ይላሉ ቡቡ፣ ድንጋዩን በመዳፋቸው እየጠረጉ። "ይሄን የምትረግጡትን መንገድ እስረኛ ነው ያነጠፈው። ለምን? ሚስቱ ማታ ማታ ጫማዋ ጭቃ ሳይነካው ደሴቲቱን እንድትዞር። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አንድ ቀን መርከብ መጣ። ሚስትየው ባርኔጣዋን አድርጋ ወደ መርከቡ ወረደችና..."

"ወረደችና?" ይላል እንግዳው፣ ዓይኑ ፈጦ።

"ወረደችና ቀሪው ነገ። ቦዬው ይቀዘቅዛል፣ ኑ እንብላ።"

ይህ ካልሠራ የባሕሩ ጠባይ አለላቸው። ውሃው እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ረግቶ ሳለ ቡቡ በረንዳው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ይመለከቱና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "ዛሬ ፊቱ ጥሩ አይደለም።" የላባኒ ሞተር ጀልባ መልሕቋን ሳታነሳ ትውላለች።

ትልቁን መሣሪያ በእጃቸው ያስገባላቸው ግን አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። የዋህ ሰው፣ ምን እየሠራ እንደሆነ አላወቀም። ምሳ ላይ ሲያወራ፣ ጠልቆ የወጣ ሰው አየሩ ደሙ ውስጥ ስለሚቆይ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳያልፍ አውሮፕላን ላይ መውጣት እንደሌለበት ተናገረ።

ቡቡ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ማነው ያለው?"

"ሕግ ነው፣ ቡቡ። በዓለም ላይ ያለ ጠላቂ ሁሉ የሚያከብረው ሕግ።"

"ጥሩ ሕግ ነው" አሉ ቡቡ። ለሐኪሙም ዓሣ ጨመሩለት።

አውሮፕላን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰኞ፣ ማዶ ያለው ሜዳ ላይ ያርፋል፤ የሚነሳው ረቡዕ ጠዋት ነው። ከዚያ ምሳ ወዲህ ማክሰኞ ከሰዓት በመጣ ቁጥር መርከብ መቆሚያው ሥር አንድ ተአምር ይታያል። አንዴ ቢጫ የባሕር ፈረስ፣ አንዴ ማንም አይቶት የማያውቅ ባለ ጢም ዓሣ። "ገና ምኑን አያችሁትና! ይሄን ሳታዩ ልትሄዱ?" ይላሉ ቡቡ። እንግዶቹ ተንደርድረው ይገባሉ፤ ሲወጡ ግንባራቸውን ይመታሉ። ረቡዕ አውሮፕላኑ በላያቸው ላይ አልፎ ይሄዳል።

"ቡቡ፣ ሰዎቹ እኮ ሥራ አላቸው!" ይላል ላባኒ።

"እኔ ጥለቁ አልኩ እንጂ አትሂዱ አልኩ?"

ላባኒ ራሱም ቢሆን አያመልጥም። ሦስተኛውን ሻይ ጠጥቶ ሊነሳ ሲል "ላባኒ፣ ቁጭ በል እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ?" ይሉታል። ምን እንዳስቸኮለው እሱም አያውቅም። ሱቁ ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱ ማዶ ተዛውሯል፣ የጎረቤቶቹ ቤት በሩ ተከርችሞ ሣር በቅሎበታል። ቢሆንም "ሴትዮዋ ሰው አታስወጣም" እያለ ያማርራል። በዝናቡ ወራት፣ እንግዳ ጨርሶ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ቡቡ የገዢውን ረጅም ገበታ እንደ ወትሮው በሙሉ ሳህን ይደረድሩበታል። ከዚህ ጫፍ እሳቸው፣ ከዚያ ጫፍ ላባኒ፣ መሐል ላይ ባዶ ሳህን ብቻ። ያን ጊዜ ላባኒ ቀና ብሎ አያያቸውም፤ ያሳዝኑታል።

ባለፈው ሰኞ ልጃቸው ኖርማን ከፖርት ሞርስቢ መጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አንድ ልጃቸውም እሱ ነው። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ተናገረ።

"እማዬ፣ በቃሽ። የቤቱን ምሰሶ ምስጥ ጨርሶታል። ግንቦት ላይ ደረጃው ላይ ወድቀሽ ማን አነሳሽ? ላባኒ ባይደርስልሽ ኖሮስ? ነርስ የለ፣ መድኃኒት የለ። ረቡዕ አብረን እንሄዳለን።"

"ባሕሩ እኮ..."

"ባሕሩን አየሁት። ምንም አልሆነም።"

"እሺ ቁጭ በል፣ ስለ ሚስተር ፔልሃም ሚስት..."

"ወረደች፣ መርከቡ ላይ ወጣች፣ አልተመለሰችም። አለቀ።"

ላባኒ የታሪኩን መጨረሻ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቡቡ አሁን ኖርማንን በምን ያታልሉታል? በዚያ ወጥመድ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ደግሞ ልጁ እውነቱን ነው፤ ይሄን ላባኒም ያውቃል፣ ቡቡም ያውቃሉ። ማክሰኞ ጠዋት ልብሳቸውን አጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ ከተቱ።

"ተገላገልኩ" አለ ላባኒ ለራሱ፣ የመጥለቂያ መነጽሮቹን እያጠበ። እንቅልፉን ሊተኛ፣ ሻዩን አንድ ጊዜ ጠጥቶ ሊነሳ። ነገ ማታ ማንም ቁጭ በል አይለውም። ይህን ሲያስብ እጁ ቆመ። ነገ ማታ፣ ከነገ ወዲያም፣ ዋሪሊ ላይ ቁጭ በል የሚለው ሰው የለም። ሚስቱ ጀልባ ላይ ስትወጣ ከኔ ጋር ሁን አላለችውም፤ ወንድሞቹም ሲሄዱ አላሉትም። በሕይወቱ አትሂድ ብሎ የለመነው ሰው እኚህ አሮጊት ብቻ ነበሩ።

ከሰዓት ላይ ጥላ ወደቀበት። ቡቡ ሲኔላ ናቸው፣ በአሮጌ ቀሚስ፣ በባዶ እግር።

"ዕቃህን አምጣ" አሉት።

"ለማን?"

"ለኔ ነዋ! ለማን ሊሆን ነው?"

"ቡቡ፣ ያምዎታል እንዴ?"

"እዚች ውሃ ውስጥ አንተ ሳትወለድ ነው ስዋኝ የኖርኩት። አምጣ ብዬሃለሁ።"

"ኖርማን ይገለኛል።"

"ይግደልህ። እኔ እዚሁ እቀብርሃለሁ፣ ከገዢው አጠገብ።"

ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ኖርማን ትክክል ነው፣ አለ በልቡ። ደረጃው አለ፣ ምስጡ አለ፣ ግንቦት አለ። ይህን ሁሉ እያሰበ ግን የአየር ጠርሙሱን ጀርባቸው ላይ አሠረላቸው። ማሰሪያውንም ሁለት ጊዜ አጠበቀው።

ከመጀመሪያው ምሰሶ አጠገብ፣ ቁመት በማይሞላ ውሃ ውስጥ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ። ቡቡ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲምሉባቸው የኖሩትን ዓሦች ውሃ ሥር ሆነው ያዩዋቸው ያን ቀን ነው። ባለ መስመሮቹ መጥተው ከበቧቸው። መነጽሩ ውስጥ ዓይናቸው የልጅ ዓይን ሆነ። ላባኒ ትንሽ ቆይቶ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፤ በቃ፣ እንውጣ ማለቱ ነው። ቡቡ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሸዋው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ፣ አጠገባቸው ያለውንም አሸዋ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉለት።

ላባኒ ተቀመጠ።

ሲወጡ ኖርማን መርከብ መቆሚያው ላይ ቆሟል።

"ልጄ፣ ነገ መብረር አልችልም" አሉ ቡቡ፣ ውሃው ከቀሚሳቸው እየተንጠባጠበ። "ሕግ ነው።"

"እማዬ! የወረድሽው እኮ የሰው ቁመት አይሞላም!"

"ሕጉ ቁመት ይላል እንዴ? ላባኒ፣ ቁመት ይላል?"

"እኔ እንጃ" አለ ላባኒ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ሥራ አለብኝ፣ እኔ ነገ መሄዴ አይቀርም። በሚቀጥለው ረቡዕ ግን መጥቼ እወስድሻለሁ!"

"ና" አሉት። "ከረቡዕ በፊት ማክሰኞ አለ።"

ኖርማን ሸሚዙን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው።

በማግስቱ ላባኒ ኖርማንን በጀልባ አሻገረው። ኖርማን ሻንጣውን አንስቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር አለ።

"ላባኒ።"

"አቤት?"

"ማክሰኞ፣ ጥልቅ ቦታ እንዳትወስዳት።"

ላባኒ ማዶ ሲሻገር ቡዋይ የሚሉትን የሚያነቃቃ ፍሬ እያኘከ፣ ከሰው ሲጫወት ሳይመሽ አይመለስም ነበር። ያን ቀን ግን አውሮፕላኑ እንደተነሳ ጀልባዋን አዞረ። ቡቡ ሲኔላ ከጠዋት በቆሙበት መርከብ መቆሚያ ላይ ናቸው፤ አሁንም ወደ ሰማይ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ሻይ አለ?" አላቸው።

በረንዳው ላይ ወጡ። ሻንጣቸው ከነልብሱ በሩ ሥር ተቀምጧል። ሦስተኛውን ሲኒ ጨርሶ ሲያስቀምጥ ቡቡ ሊናገሩ አፋቸውን አዘጋጁ፤ እሱ ግን ቀደማቸው።

"ቡቡ፣ ሚስትየው ከሄደች በኋላ ሚስተር ፔልሃም ምን ሆነ?"

ቡቡ ሲኔላ ገበታው ላይ የተደረደሩትን ባዶ ሳህኖች ዞር ብለው አዩ።

"የእሱስ ታሪክ ብዙ ነው" አሉ፣ አራተኛውን እየቀዱለት። "ነገ እነግርሃለሁ።"