ሶፋ ላይ የተጋደሙት ባልና ሚስት

ሰው ፎቶ ሊነሣ ሲቆም እጁ የሚተርፈው ለምንድን ነው? ሲበላበት፣ ሲነዳበት፣ ሲጨባበጥበት የዋለ እጅ ካሜራ ሲያይ መቀመጫ ያጣል። ጎረቤታችን ጋሽ ታምራት ግን ይህ ችግር የለባቸውም። ሠርግ ይሁን ክርስትና፣ መናፈሻ ይሁን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የእሳቸው አቋቋም አንድ ነው። ቀጥ ይላሉ። ሁለት እጃቸውን ጨብጠው ከጭናቸው ጋር ያጣብቃሉ። ግራ እግራቸውን አንድ ስንዝር ወደፊት ያስቀድማሉ። ከዚያ ማፍጠጥ ነው። ፎቶው ተነሥቶ ካለቀ በኋላም ትንሽ ይቆያሉ፤ ምናልባት ይደገም እንደሆነ ብለው።

እሳቸውን ምን አስነሣኝ? እሳቸው ባይኖሩ እኔ ዛሬ የነርስነት ተማሪ አልሆንም ነበር። ቆዩ ላስረዳችሁ።

እኔ ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማንሣት ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። የቀን ፈረቃ። ባለቤቴ ጽጌ ዳላስ ውስጥ ነርስ ናት። የማታ ፈረቃ። በእረፍት ቀኗ ደግሞ ሌላ ቦታ ትሠራለች። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፤ ትዳራችን ያለው በር ላይ ነው። «ወጡ ማይክሮዌቭ ውስጥ ነው»፣ «ጎማው አየር ይፈልጋል» ተባብለን እንለያያለን። አንድ ቀን እዚያው በር ላይ ቆማ ነገሩን ቆረጠችው። ነርሲንግ ትማራለህ፣ እኔ ያለሁበት ሆስፒታል ትገባለህ፣ አንድ ፈረቃ እንሠራለን፣ አብረን ወጥተን አብረን እንገባለን አለችኝ። እኔም በሐሳቡ ልቤ ጠፋ። ሚስቴ ናፍቃኛለች፤ ምን እደብቃለሁ?

ኮሌጅ ሄጄ ስጠይቅ፣ ነርሲንግ ከመግባትህ በፊት አንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት በጥሩ ውጤት ማለፍ አለብህ ተባልኩ። የሰው ደም ሥር ለመፈለግ ሥነ ጥበብ ምን ያደርግልኛል? ብል ማን ሰምቶኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሆነና፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጠውን ብቸኛ ትምህርት ያዝኩ። የጥንት ግሪክ፣ ከሮማ በፊት ጣሊያን ውስጥ የኖሩት የኤትሩስካንና የሮማ ቅርጻ ቅርጽ! ካልተሳካልኝ የነርሲንጉ ቦታ ለሌላ ሰው ይሄዳል፤ እኔም ቢያንስ አንድ ዓመት ከካርቶኔ ጋር ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጾም ነበር። አስተማሪያችን ሚስ ዶና፣ ቡትስ የምትጫማ የቴክሳስ ባልቴት፣ መብራቱን አጥፍታ ስክሪኑን አበራች። አንድ ወጠምሻ እርቃኑን ቆሟል። ቀጣዩም እንደዚያው። ሦስተኛውም። እኔ አንገቴን ደፍቼ ደብተሬን ሳነብ ዋልኩ፤ ደብተሩ ላይ ገና ምንም አልተጻፈም። ለጽጌ በር ላይ ነገርኳት። «ታዲያ ሆስፒታል ስትገባ ሰው ካፖርት ለብሶ የሚጠብቅህ መሰለህ?» ብላኝ መኪናዋን አስነሣች።

እሺ፣ እርቃኑንስ ለመድኩት። ስሙን ማን ይያዝልኝ? ኩሮስ፣ ኮንትራፖስቶ፣ ቬሪዝም! ሌት አጥንቼ ጠዋት ባዶ ነኝ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያነሣሁ አጉተመትማለሁ፤ አለቃዬ እየጸለይኩ መስሎት ድምፁን ይቀንሳል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሚስ ዶና የጥንት ግሪኮችን ወጣት አሳየችን። ቀጥ ያለ። እጁን ጨብጦ ከጭኑ ጋር ያጣበቀ። ግራ እግሩ ወደፊት። ዓይኑ ያፈጠጠ። ሳላስበው «ጋሽ ታምራት!» ብዬ ጮኽኩ። ልዩነታቸው እኮ ጋሽ ታምራት ሱፍ መልበሳቸው ብቻ ነው! ኩሮስ የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አቋቋሙ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ዘዴው ተገኘ አልኩ። ለእያንዳንዱ ስም የማውቀውን ነገር ፈለግሁለት። ኮንትራፖስቶ ማለት የሰውነትን ክብደት ባንድ እግር ላይ ጥሎ፣ ሌላውን ጉልበት አጠፍ አድርጎ፣ ዳሌን ገፋ አድርጎ መቆም ነው። ይሄማ እኔ ነኝ፣ ሥራ በገባሁ በዘጠነኛው ሰዓት። አለቃዬ ስንፍና ይለዋል፤ ግሪኮች ግን ሐውልት አቆሙለት። ሮማውያን ደግሞ ሽማግሌ ሲቀርጹ አያዝኑም። ሽብሽቡን፣ ኪንታሮቱን፣ የጎደጎደ ጉንጩን፣ ምንም አይምሩትም። ቬሪዝም ነው ስሙ። እኔ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ አልኩት። የሮማው ደግሞ የግሪክን የነሐስ ሥራ በእብነ በረድ ሲገለብጥ፣ ቅልጥሙ እንዳይሰበር እግሩ ሥር የዛፍ ጉቶ ያስደግፈዋል። እንግዲህ ጉቶ ካየህ ኮፒ ነው በል።

አርኬይክ ፈገግታ የሚባል፣ የጥንት ግሪኮች ሐውልት ፊት ላይ የማይጠፋ ፈገግታ አለ። ሚስ ዶና ደረቱ ተወግቶ የወደቀ ጦረኛ አሳየችን። ሰውዬው እየሞተ ፈገግ ብሏል። ክፍሉ በሙሉ ተገረመ። እኔ አልገረመኝም። ጽጌ አዳሯን ሠርታ ልትተኛ ስትል፣ ሳልደውል ሦስት እንግዳ ይዤ የገባሁ ዕለት አይቼዋለሁ። «ኧረ ግቡ፣ ምን ትቆማላችሁ!» ስትል የከንፈሯ ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዓይኗ ባለበት ይቀራል። እሱ ነው።

አንድ ብቻ ቀረኝ። ባልና ሚስት ናቸው። ከሸክላ የተሠሩ። ሶፋ የመሰለ ነገር ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው፣ ክርናቸውን ተደግፈው ይጫወታሉ። ባልየው ክንዱን በሚስቱ ትከሻ ላይ ጣል አድርጓል። ማንን ይመስላሉ? ከቤተ ክርስቲያን ሰው ባልና ሚስቱን ሁሉ አንድ ባንድ አሰብኩ። አንዱ ሲነዳ አንዷ ትተኛለች። አንዷ ስትገባ አንዱ ይወጣል። እንዲህ አብሮ የሚጋደም አላገኘሁም። ይህቺማ ፈተና ላይ አትመጣም ብዬ ዘለልኳት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። በቃል ነው። ሚስ ዶና፣ ስክሪኑና እኔ። የመጀመሪያው ሥዕል ኩሮስ። አፌን ስከፍት «ጋሽ ታምራት» አልኩ። ስሙ ጠፋ! እሳቸው ብቻ መጡ። ሚስ ዶና ስፔል አድርግልኝ ብላ ጻፈችው። የግሪክ ሊቅ ናቸው? ብትለኝ፣ የለም፣ የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፣ አሁን ጎረቤቴ ናቸው አልኩ። ነርሲንጉ ሲሄድ ታየኝ። እንደ ምንም ተነሥቼ ቆምኩና አሳየኋት፤ ጭብጡን፣ ግራ እግሩን፣ ማፍጠጡን፣ ክብደቱ በሁለቱም እግር ላይ እኩል መሆኑን። ያን ጊዜ «ኩሮስ!» አልኩ።

ሁለተኛው ፈገግታው። «ሚስቴ» አልኩ። ይህንንም ስለ እንግዶቹ ተናግሬ ተረፍኩ። ሚስ ዶና የሟች እናቷ ፈገግታ ትዝ ብሏት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኮንትራፖስቶውም፣ መንጃ ፈቃዱም አለፈ። አምስተኛው ተከፈተ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ባልና ሚስቱ!

እነዚህስ ማንንም አያስታውሱህም? አለችኝ ሚስ ዶና። «ማንንም። በአንድ ቀን ኦፍ ወጥተው አብረው የሚያርፉ ባልና ሚስት አላውቅም» አልኳት። ስምንት ዓመት ሙሉ በር ላይ የተለዋወጥነው ቁልፍ ሁሉ ትዝ አለኝ። እንባዬን ለመደበቅ ዝም ብዬ መለፍለፍ ጀመርኩ። ግሪክ አይደሉም፤ ግሪክ ግብዣ ላይ ሚስቱን አጠገቡ አያጋድምም ብለሽናል። ሮማም አይደሉም፤ ፊታቸው ላይ አንድ ሽብሽብ የለም። ታዲያ ማን ቀረ? ራሴን በራሴ ጠየቅሁና «ኤትሩስካን!» ብዬ ጮኽኩ።

ትክክል አለች። ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው የጎደለብኝ። የተጋደሙበት ነገር ምንድን ነው? ስትለኝ «ሶፋ» አልኳታ! የሬሳ ሣጥን ክዳን ነው አለችኝ።

ጽጌን በር ላይ አገኘኋት። ማለፌን ስነግራት እልል አለች። ሥዕሉን በስልኬ አሳየኋት። ቁልፉን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ አየችው። እጁን የት እንዳደረገ አየህ? አለችኝ። ሶፋው የሬሳ ሣጥን መሆኑን ነገርኳት።

«ሶ፣ አብረው ኦፍ የወጡት ከሞቱ በኋላ ነው?» አለች። እዚያው ቆማ አለቃዋ ጋ ኮል አደረገችና አንድ እሑድ እንዲሰጧት ለመነች። ሰጧት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሶፋችን ላይ ወጣን። ሥዕሉን ፊታችን አስቀምጠን እንደ እነሱ ተጋደምን። ክርናችንን ተደገፍን። ክንዴን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁ፤ ከበደኝ አለች፤ ትንሽ ዝቅ አደረግሁላት። እስቲ አጫውተኝ አለች። የምነግራት ስንት ነገር ነበረኝ! ከየትኛው እንደምጀምር ሳስብ ማንኮራፋቷን ሰማሁ። የራሴን አልሰማሁም። ስንነቃ ፀሐይ ጠልቃለች፣ የእሷ አንገት አልዞር ብሏል፣ የእኔ ክንድ ደንዝዟል። ለካ ክርን ተደግፎ፣ ዓይንን ከፍቶ፣ ፈገግ እያሉ ከሚስት ጋር መጫወት የሞተ ሰው ጉልበት ይጠይቃል።