ያልነበረው ግመል

እውነት ደረቅ ቂጣ ናት፤ ጉሮሮ ላይ ትቆማለች። ትንሽ ቅቤ ካልቀቧት ማን ይውጣታል? እኔ ዕድሜ ልኬን ስቀባ ኖሬአለሁ። አዳማ ውስጥ የእኔን ወሬ የሚሰማ ሰው ግማሹን ይቀንሳል፤ በደንብ የሚያውቁኝማ ሦስት እጁን ጥለው አንዱን ነው ይዘው የሚሄዱት። ቅር አይለኝም። ዘንድሮ ግን ውሸት በዲግሪ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ሰማሁና፣ ያለ ደመወዝ ያገለገልኩት ዘመን ቆጨኝ።

የነገረችኝ የልጅ ልጄ ሀዊ ናት። አባቷ ቶሎሳ፣ የእኔው የበኩር ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እሷ ስድስት ዓመት ሲሆናት ወለንጪቲ መንገድ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። «አኮ» ነው የምትለኝ፣ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። አሁን ኮምፒውተር ተምራ ለመኪና ዓይን ትሠራለች። የፊት መስታወት ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ካሜራ ናት። መንገዱን እያየች ስክሪን ላይ ቀለም ትቀባለች፤ አስፋልቱን ግራጫ፣ ዛፉን አረንጓዴ፣ ሰውን ቀይ። የማታውቀው ነገር መንገድ ላይ ካየች ደግሞ ቢጫ ቀብታ ትጮኻለች። ቁም ነገሩ ያ ጩኸት ነው።

የማታውቀውን እንዴት ታውቃለች? ብዬ ጠየቅኳት። የሞኝ ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የተማሩትም የተቸገሩት እዚያው ላይ ነው! በውሸት ነው የማስተምራት አለችኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳታፍር። የእውነት መንገድ ፎቶ ታነሳና ሶፋ ትለጥፍበታለች። ፍሪጅ ትለጥፋለች። አልጋ ከነፍራሹ ትለጥፋለች። አስፋልት መሀል አልጋ ዘርግቶ ፎቶ ማንሳት ስለማይቻል፣ ፈጥራ ታሳያታለች፤ ካሜራዋም እንግዳ ነገር ምን እንደሚመስል በዚያው ትለምዳለች። የእኔ ሙያ አይደለም እንዴ? እኔ በአፌ የለጠፍኩትን እሷ በጣቷ ትለጥፋለች። ከሁሉ የበዛው ግን ግመል ነበር። የቆመ ግመል፣ የተኛ ግመል፣ ጀርባውን የሰጠ ግመል። ግመሉን ሳይ ወሬውን ወደ ፍሪጁ መለስኩት።

የሙከራው ቀን የጀማል ሚኒባስ ላይ ተሳፈርን። ጀማል የቶሎሳ ጓደኛ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፤ ማታ ማታ ድንግዝግዝ ይልበታል፤ መንዳቱን እንዳይተው ደግሞ ቤት ሙሉ ልጅ አለው። ካሜራዋ ፈተናውን ካለፈች፣ ከሰኞ ጀምሮ በእሷ ተማምኖ ሰው ሊጭን ነው። «እማማ፣ ሁለት ያረጀ ዓይን ጥዬ አንድ አዲስ ላገኝ ነው፤ ዱዓ ያድርጉልኝ» አለኝ እየሳቀ። አሥራ ሁለት ሰው ነው የሚጭነው፣ ሕጉን ካከበረ ማለቴ ነው። አክብሮ አያውቅም።

ወለንጪቲ ሳንደርስ ግመሎች ሲያቋርጡ ካሜራዋ ቢጫ በቢጫ ሆና እሪ አለች። ሀዊ አጨበጨበች። እኔም፣ በዚህ አገር ግመል አይቶ የሚጮህ ሰው ጸበል ነው የሚወሰደው አልኩ። ጀማል ከት ብሎ ሳቀ፤ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገ። ይኼኔ ካሜራዋን ማመን ጀምሯል።

ትንሽ እንደሄድን አየሁት። ፊት ለፊታችን፣ መንገዱ ላይ ሦስት ድንጋይ፣ በላያቸው የግራር ቅርንጫፍ። ታውቁታላችሁ። መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ይጥላል፤ ወንድሜ ቀስ በል ማለቱ ነው። ደግ ልማድ ነው። ክፋቱ፣ መኪናው ሲነሳለት ደስታው ሁሉን ያስረሳዋል፤ እሱ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ወንድሜ ቀስ በል ያለው ድንጋይ ወንድሙን ሊገድል ይጠብቃል። ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ቅርንጫፉን አረንጓዴ ቀብታዋለች፤ ዛፍ ነዋ! ድንጋዩን ግራጫ፤ አስፋልት ነዋ! ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። ለምን ትጮኻለች?

«ጀማል! ድንጋይ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። መሪውን ጠመዘዘው። የኋላ ጎማው ድንጋዩን ገጭቶ ዘለለ፣ ተወዛወዝን፣ ዳር ላይ ቆምን። ጀማል ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ሀዊ ወርዳ ድንጋዮቹን ፎቶ አነሳች። አልጋ እንኳ አስገብቼ ይኼን እንዴት ረሳሁት? እያለች ራሷን ትረግማለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ግመሉን ያበዛሁት በአባዬ ምክንያት ነው፣ አኮ» አለችኝ። «እሱን የገደለውን ታውቀው ብዬ።»

ግመሉ የእኔ ነው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እግሬን ይዛ፣ አባዬን ምን ገደለው? ስትለኝ ከአፌ የወጣው እሱ ነበር። አባትሽ ግመል ላለመግጨት ብሎ ነው አልኳት። ግመሉ አለቀሰ? አለችኝ። አለቀሰ እንጂ፣ መሀረብ ቢያጣ በጭራው ጠረገ አልኳት። ሳቀች። በዚያ ሳምንት እዚያ ቤት ሌላ ሳቅ አልተሰማም። ከዚያ ወዲያ ግመሉን ማን ያቆመዋል? በየዓመቱ አደገ። ቃጭል አሰርኩለት፣ አርባው ላይ ድንኳኑ በር አስቆምኩት፣ ንፍሮም አስበላሁት።

እዚያው አስፋልቱ ዳር፣ ቅቤ ሳልቀባ ነገርኳት። ጠዋት የቶሎሳ መኪና ተበላሸ። ከኋላው ድንጋይ ደረደረ፣ ቅርንጫፍ ጣለ። ጠገነና ሄደ፤ ድንጋዩን ረሳ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ጋሪ ሊቀድም ወደ ግራ፣ ጠዋት ወደሄደበት መስመር ወጣ። የገዛ ድንጋዩ ጠበቀው።

ሀዊ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። «ኧረ አኮ! ሰው በገዛ ድንጋዩ? ይኼስ ከግመሉም በለጠ! ዛሬ እንኳ አታርፊም?»

ምን ልፍረድባት? በውሸት ያስተማርኳት ልጅ፣ እውነት መንገዷ ላይ ተቀምጣ ብታያት አረንጓዴ ቀብታ አለፈቻት።

ጀማል ግን አልሳቀም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ቦዩ ውስጥ ይጥል ነበር። ቀና ሳይል፣ «ያን ቀንም ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፣ ልጄ። እሱ ከገጫቸው በኋላ» አላት።

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

ሰኞ ጀማል ሰው አልጫነም። ሀዊም ድንጋይ ስትለጥፍ ሰነበተች፤ ከነቅጠሉ፣ ያለ ቅጠሉ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአመሻሽ። ሻይ አስቀምጥላታለሁ፣ ይቀዘቅዛል። እህ የለ፣ አኮ የለ። ቤቱ ውስጥ የእኔ ድምፅ ብቻ ሲዞር፣ ለራሴም አስጠላኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ግመሉስ?» አለችኝ። «ያን ቀን የት ነበር?»

አልነበረም ልል አፌን ከፈትኩ።

«ግመሉማ ድንጋዩን አይቶት ነበር» አልኳት። «አባትሽን ሊነግረው እየሮጠ ነበር። አልደረሰም።»