የታረቁት ቀለሞች

ተረቴን ከጫካ አምጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቀበለኝ።

በድሮ ጊዜ፣ ያን ያህልም ድሮ ሳይሆን፣ በአንድ ሆራ ዙሪያ የሚኖሩ አራዊት ነበሩ። ሆራ ጨው ያዘለ ውሃ ነው። ክረምት ከበጋ ሣር በል ሁሉ እሱን ካልቀመሰ ጉልበት የለውም፤ የወለደችም ወተቷ ይነጥፋል። ችግሩ የሆራውን መንገድ አያ ጅቦም ያውቀዋል። ስለዚህ ሸንጎ ተቀመጡና ደንብ አወጡ፦ ከማለዳ እስከ ቀትር ሣር በሎች ይጠጣሉ፣ ከቀትር በኋላ ሥጋ በሎች። አያ ጅቦ አልተቃወመም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«በጽሑፍ ይሁንልኝ» አለ። «ሆራው ዳር ተለጥፎ ላንብበው። ያልተጻፈ ነገር ሆዴ አይገባውም።»

ሸንጎው በሕግ አክባሪነቱ ተደንቆ አጨበጨበለት።

ማስታወቂያውን የማተም ሥራ ለእትዬ እሾህነሽ ተሰጠ። እትዬ እሾህነሽ ጃርት ናት። ሽርሽር ከመጡ ሰዎች መኪና ላይ የወደቀ ፕሪንተር ከነቀለሞቹና ከነወረቀቱ አግኝታ ጎሬዋ ውስጥ አኑራለች። ኤሌክትሪኩን ከየት አመጣችው የሚል ካለ ተረት መስማቱን ትቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠይቅ። እሾህነሽ ደግ ናት፤ አንድ ጉድለት ግን አለባት። ጀርባዋ ሙሉ እሾህ ስለሆነ የሚቀየማት እንዳይበዛ ትፈራለች፤ ለጠየቃት ሁሉ «እሺ» ትላለች።

ከጎኗ ያለችው ጎረቤቷ ዓይናበባ የምትባል ድኩላ ናት። በዚያው ሰሞን ወልዳለች።

«እትዬ እሾህነሽ» አለቻት፣ «ሆራ ካልጠጣሁ ጡቴ ባዶ ነው። ወረቀቷን ቶሎ አውጪልኝ።»

«እሺ የኔ እመቤት» አለች እሾህነሽ፣ ማሽኑ ውስጥ በነበረው ቀለምም አተመችላት። ማስታወቂያው ከሩቅ ይጣራ ነበር፤ ቀዩ እሳት፣ ሰማያዊው ሰማይ። ሆራው ዳር ካለው ዋርካ ላይ ተለጠፈ፤ ያየው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» አለ። ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጣለ። ሲያባራ ደንቡ በሙሉ ወርዶ ዋርካው ሥር ተኝቷል፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ሮዝ እድፍ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ዓይናበባ አጎንብሳ ስትጠጣ አያ ጅቦ ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ ጅቦ፣ ደንብ አለ እኮ» አለች ዞር ብላ።

«የታለ?» አለ ቀና ብሎ ወረቀቱን እያየ። «እኔ የማየው ሮዝ ነው።»

ዓይናበባ እግሬ አውጪኝ ብላ ከመንጋጋው ለጥቂት አመለጠች። ከዚያ ወዲያ ሆራውን አልረገጠችም፤ ወተቷም መሳሳት ጀመረ።

ሸንጎው እንደገና ተጠራ። እሾህነሽ ሁለት ጠርሙስ ቀለም ይዛ ቀረበች። የከተማ ሰዎች አንዱን ዳይ፣ ሌላውን ፒግመንት ይሏቸዋል። ዳዩ ውሃ ውስጥ እንደ ስኳር የሟሟ ነው፤ ወረቀት ውስጥ ሰርጎ ይደምቃል፣ ውሃ ሲነካው ግን ይለቃል። ፒግመንቱ የላመ ዱቄት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ይደርቃል፣ ዝናብም ፀሐይም አይበግረውም። ድምቀቱ ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሥራ ፈትቶ ከሰነበተም ማሽኑ ቀለም የሚተፋበትን አፍንጫ ይደፍናል። የቅድሙ ማስታወቂያ በዳይ የታተመ ነበር። እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት፤ ሸንጎ ባይሆን ኖሮ ያልቅም ነበር።

ባላምባራስ ጉሬዛ ካባውን አስተካክሎ ተነሣ።

«ፎቶዬ በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ በዳይ ሲወጣ ምን እንደምመስል ያየ ያውቃል» አለ። «ያኛውን እዚያ ወረቀት ላይ ብታፈሱት አመድ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይነሣል። ጫካችን ደማቅ መሆን አለበት።»

ኤሊው አባ ድንጋዬ አንገቱን በዝግታ አወጣ። «ጀርባዬ ላይ ስንት ክረምት ዘንቧል፤ ማን አጠበው? ጫካችን ጽኑ መሆን አለበት።»

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያውን ያነሣ የለም። ጫካው ደማቆችና ጽኑዎች ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ደማቆቹ ጆሯቸው ላይ አበባ ሰኩ፤ ጽኑዎቹ ጭቃ ተቀቡ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ቀረ። በዚያው ሰሞን ከጽኑዎች ወገን አንድ ጥንቸል ከስብሰባ ጠፋ፤ ባልንጀሮቹ «ከሃዲ፣ አበባ አምሮት ሄደ» ብለው ስሙ እንዳይጠራ አወገዙ። ከደማቆች ወገንም አንድ ከርከሮ ጠፋ። «ድሮም ጭቃ ይወድ ነበር» አሉ ደማቆቹ። ሁለቱም ወገኖች እየተፈራረቁ እሾህነሽ ቤት እየመጡ «ከእኛ ጋር ነሽ አይደል?» ይሏታል። እሷም ለሁሉም «እሺ» ትላለች።

ጠቡ ሲከር ሽማግሌ ተላከ፤ አባ ጎሽ መጣ። አባ ጎሽ ለየትኛውም ጠብ አንድ መድኃኒት ብቻ ያውቃል፣ እሱም ማቃቀፍ ነው። በወጉ መሠረት ጥፋተኞቹ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ እንዲጠይቁ አዘዘ። ባላምባራስ ጉሬዛ እያቃሰተ ተሸከመ፤ አባ ድንጋዬ ግን ከተወለደ ጀምሮ እንደተሸከመ ነው ተብሎ ታለፈ። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ።

«አሁን ደግሞ የጠቡ ምክንያት የሆኑት ይታረቁ» አለ አባ ጎሽ፣ ወደ ጠርሙሶቹ እየጠቆመ። «ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ተቀድቶ በአንድ ቅል ይዋሐድ።»

እሾህነሽ ጠርሙሶቹን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «አባ ጎሽ፣ እነዚህ እኮ ጠባያቸው...»

«ዕርቅ ልታፈርሺ ነው?»

ሸንጎው በሙሉ ዞሮ አያት።

«እሺ» አለች።

ቀለሞቹ ቅሉ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጠሩ። ማሽኑ የተሰጠውን ዋጠ፣ አስነጠሰው፣ አንድ ጥቁር ጓል ወረቀቱ ላይ ተፋና ዝም አለ። «ይሁን፣ ዋናው መታረቃቸው ነው» አለ አባ ጎሽ፤ ሸንጎተኛውም እየዘፈነ ወደየቤቱ ሄደ።

እሾህነሽ ከማሽኑ ጋር ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ የዓይናበባ ግልገል ሲያለቅስ ሰማች። የሚጠባው አጥቶ ነው። አፈረች፤ ከዚያም በራሷ ተናደደች። «ማንም እንዳይቀየመኝ ብዬ ይህን ሕፃን አስራብኩት» አለች። የማሽኑን አፍንጫ ፈትታ፣ ጓሉ ሁሉ ወጥቶ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ለብ ባለ ውሃ ደጋግማ አጠበችው።

ሸንጎው ይህን ሲሰማ ደጇ ላይ ተሰበሰበ። «የትኛውን ቀለም ልትሞዪ ነው?» አላት ጉሬዛ።

«ማስታወቂያው የሚሰቀለው የት ነው?»

እርስ በርስ ተያዩ። «ሆራው ዳር ነዋ» አለ አባ ድንጋዬ።

«ሆራው ዳር ይዘንባል። ስለዚህ በፒግመንት ነው የማትመው። የእርስዎ ፎቶ ደግሞ ባላምባራስ፣ ቤት ውስጥ ስለሚሰቀል ዳይ ያምርበታል። ክረምቱ ሲወጣ ማሽኑን አጥቤ አወጣልዎታለሁ።»

«የእኔ ይቅደም፤ ከዚያ የሆራው ይደርሳል።»

«እምቢ» አለች እሾህነሽ። ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማችው በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እሾሁም አብሮ ቆመ፤ ጉሬዛ ካባውን ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ። ጽኑዎቹ ድል አደረግን ብለው ሊጨፍሩ ሲሉ እነሱንም በዚያው እሾህ ከደጇ ሸኘቻቸው።

አዲሱ ማስታወቂያ ዋርካው ላይ ተለጠፈ። አያምርም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ ወረደበት። ማለዳ አያ ጅቦ መጣ፣ አነበበ፣ ጠጋ ብሎ በምላሱ ላሰው፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተነቃነቀም። እያዛጋ ዋርካው ሥር ተቀመጠና ቀትርን መጠበቅ ጀመረ። ዓይናበባ በዓይኑ ሥር አልፋ እስክትረካ ጠጣች። በሳምንቱ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው ልቅሶ ቀርቶ የግልገሉ የመጥባት ድምፅ ሆነ፤ እሾህነሽም ማሽኑ እንዳይደፈን በየጊዜው አንዳንድ ገጽ እያተመች ታዳምጠው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አባ ጎሽ ጠጥቶ ሲመለስ አያ ጅቦን ከማስታወቂያው ሥር አገኘው።

«አየህ አያ ጅቦ፣ ሽምግልና ያልፈታው ነገር የለም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የሚቆጨኝ እነዚያ ሁለት ከሃዲዎች፣ ጥንቸሉና ከርከሮው፣ ሳይታረቁ መቅረታቸው ነው።»

አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ።

«አይቆጭዎት አባ ጎሽ፤ ማናቸውም አልከዱም» አለ። «እናንተ ስለ ቀለም ስትጣሉ ሆራ ወርደው ነበር፤ ማስታወቂያ ስላልነበረ ሁለቱንም እኔ ተቀበልኳቸው።» ሆዱን በቀስታ ዳበሰ። «እዚህ ውስጥ ታርቀዋል።»