ከኪሴ የወጡት ሁለት ዘፋኞች

የተከበረ ሰው ማለት ስልኩ ገና ያልጠራበት ሰው ነው! ይህን የምለው በመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ዳባት ላይ፣ በሰው ሳሎን መካከል ቆሜ ተምሬው ነው።

የደባርቅ ጎረቤቴ ልጅ ጌታነህ የሰሜን ተራሮች አስጎብኚ ነው። ከሳንቃ በር ወዲያ የስፔን ቱሪስቶችን ሲወስድ ሲመልስ ቋንቋቸውን ለቃቅሞ ጨርሶታል። አባቱ በሕይወት ስለሌሉ፣ የዳባቷን እናኑን እንድንጠይቅለት እኔንና መርጌታ ልሳኑን ሽማግሌ አድርጎ ላከን። አባቷ አቶ ቢያድግልኝ «አስጎብኚ ዛሬ ከፈረንጅ፣ ነገ ከጭላዳ ዝንጀሮ ነው የሚውል» ባይ ናቸው። በመጀመሪያው ጉዟችን «ዘመድ ላማክር» ብለው መለሱን። አሁን የቁርጡ ቀን ነው፤ የልጁ ዕድል ያለው በእኛ አንደበት ላይ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ታዲያ ስልኬን ለጌታነህ ሰጠሁት። ጆሮዬ ደኅና ነው፤ ድምፁ የሚያንሰው ስልኩ ነው... (አንባቢዬ፣ አይሳቁ!)

«ጎላ ያለ ጥሪ አድርግልኝ» ስለው፣ የስፔንኛ ዘፈን ጫነበት።

«ጋሼ፣ ወንዱ ከኮሎምቢያ ነው፣ ሴቲቱ ከስፔን። እየተቀባበሉ ነው የሚዘፍኑ» አለኝ።

ውቅያኖስ በመካከላቸው ተዘርግቶ እንዲህ መግባባታቸው አስገረመኝ። በሥራ ዘመኔ በአንድ ኮሪደር ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች እንኳ እንዲህ ሲቀባበሉ አላየሁም! ደግሞ የመሥሪያ ቤት ልማድ ሆኖብኝ ስልክ እንደ ጠራ አነሣለሁና፣ ከዘፈኑ መግቢያ አልፌ ሰምቼ አላውቅም። ጉዱ ግን የተቀመጠው ከመግቢያው ወዲያ ኖሯል።

ዳባት ደረስን። እንደ ወጉ ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ጋቢዬን አስተካክዬ፣ «የመጣነው የእናኑን ጨዋነት፣ የእናኑን...» እንዳልሁ ኪሴ ጮኸ። ስልኩ ያለው ከጋቢው ሥር፣ ከካፖርቱ ሥር፣ በኮቴ የውስጥ ኪስ ነው። እኔ ስዳብስ ዘፈኑ አዝማቹ ላይ ደረሰ።

«ዳሌ! ዳሌ!» አለ ወንዱ።

«ዳሌ፣ ዳሌ፣ ዳሌ!» አለች ሴቲቱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከኪስ የወጣውስ? መርጌታ «እግዚኦ!» ብለው አማተቡ። ዝም ላሰኘው ጎኑን ብጫነው ድምፁ ይባስ ጨመረ።

«ጨዋነቷን እያነሡ ነበር» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፣ ረጋ ብለው። «ለመሆኑ ልጄን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁ ወይስ ልትለኩ?»

«ኧረ በስመ አብ! ስፔንኛ ነው፤ ዘፋኙም የኮሎምቢያ ሰው ነው!»

«ዳሌ በስፔንኛ ምን ሊሆን ነው? ጉልበት?»

አላውቅም ማለት ከበደኝ። ዘፈኑ እንዳበቃ ለጌታነህ ደውዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትሁት።

«ጌታነህ፣ ቶሎ በል፤ ዳሌ ማለት ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ሽምግልናው ላይ አይደሉም እንዴ? ምን ነካዎት? አባቷ እንዳይሰሙ!»

አባቷማ ሰሙ። ብድግ ብለው ወደ በሩ ሊያመለክቱን እጃቸውን ሲያነሡ፣ ከጓዳ የሴት ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ‹በል ቀጥል› ማለት ነው! ‹በርታ› እንደ ማለት!»

አቶ ቢያድግልኝ ወደ ጓዳው ዞሩ።

«አንቺ ደግሞ ስፔንኛ ከየት አመጣሽ?»

መርጌታ ልሳኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ተግባብተዋል፤ ያውም በባዕድ ልሳን! ለእኛ የተረፈን በአማርኛ መግባባት ነው።»

አቶ ቢያድግልኝ ወለሉን ትክ ብለው አዩ። ፊታቸውን ሊያኮሳትሩ ሞከሩ፤ ሣቁ ግን ቀደማቸው።

«የደባርቅና የዳባት ሰው ለመጋባት በኮሎምቢያ ይዞራል? በሉ ተቀመጡ! ምን እላለሁ... ዳሌ!»

ለካ ስልኩን አልዘጋሁትም! ከመዳፌ ውስጥ የጌታነህ ፉጨት ተሰማ።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ እነዚያ ሁለት ዘፋኞች እንደገና ጀመሩ። የደወለችው ባለቤቴ ጥሩወርቅ ናት፤ ቅድምም ወሬው አላስችል ብሏት በሰው ሳሎን ያዋረደችኝ እርሷው ኖራለች።

«ምን አሉ አባቷ?»

ቃለ ጉባኤ ስይዝ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የተናጋሪን ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም።

«ዳሌ አሉ።»

«የማንን?»