ዜና ገድሉ ለጥሩሰው፦ የቁሐርን ሸረሪት ከመዥገር ወገን ስለ ለየበት ቀን

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለጥሩሰው፣ የወረታው ስልክ ጠጋኝ፣ የሞተ ባትሪ አስነሺ፣ ሪዙ በፎገራ ሜዳ ከደንገል ቀድሞ የሚታይ። በዘመነ ማርቆስ፣ ሪዙ በነገሠ በሃያኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ለሚካኤል ንግሥ ወደ ቁሐር ዘመተ። ተከትለውትም ወጡ፦ ባለቤቱ ይርገዱ እንዝርቷን እንደ ጦር ይዛ፣ ዲያቆን አምሳል ከነጃንጥላው፣ አንዲትም ጥጃ፣ ከኪሱ ጨው ሸትቷት።

ወእምዝ በቤተ ክርስቲያኑ ደን ከሾላው ሥር ዐርፈው ሳሉ፣ የሩዝ ድቃቂ የምታህል ፍጥረት ከቅጠል ወርዳ በባለ ብዙ ከብቱ በመንግሥቴ ጋቢ ላይ ሰፈረች። መንግሥቴም መዥገር ናት ብሎ በጥፍሩ ሊደፈጥጣት ሲል፣ ጥሩሰው እጁን ያዘና በሕዝብ መካከል ዐወጀ፦ «ይህች ሸረሪት ናት። መዥገር ሆና ከተገኘች ሪዜን እዚሁ ሾላ ሥር ልላጭ።» መንግሥቴም ምላጭ ይምጣ ብሎ ላከ።

ጥሩሰውም ስልክ የሚጠግንበትን ማጉያ መነጽር በዓይኑ ሰክቶ፣ ፍጥረቲቱን በመዳፉ አስቀምጦ እግሯን ቢቆጥር ስምንት ሆነ፤ ስምንት እግርማ የሸረሪት ነው ብሎ ፎከረ። መንግሥቴም ከጥጃዋ ጆሮ እውነተኛ መዥገር ነቅሎ ከመነጽሩ ሥር አኖረ። እሱም ስምንት። ወኮነ ዐቢይ ሠሐቅ፤ ካህናቱ ሳይቀሩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ምላጩም ደረሰ።

ያን ጊዜ ጀግናው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ተነፈሰ ይባል ነበር፣ እሱ ግን ጣናን የሚያናውጥ ነፋስ ከአፉ ለቀቀ። ፍጥረቲቱም በነፋሱ ተነሥታ የሪዙን ጫፍ ያዘች፤ ክር ለቅቃ ቁልቁል ተንጠለጠለች፤ ደግሞ ወጣች፤ ደግሞ ወረደች። ይርገዱ እንዝርቷን ከፍ አድርጋ ፍርድ ሰጠች፦ «መዥገር ደም ይጠባል እንጂ አይፈትልም። ይች እኮ ከኔም አቅጥና ፈተለች። ምላጩን መልሱ። አንተም አፍህን ግጠም፣ ክሯን ትበጥስባታለህ።»

ወበይእቲ ዕለት ጥሩሰው፣ ነገሩን ሁሉ አስቀድሞ ያሰበው መስሎ፣ በጥቅሻ ብቻ እያዘዘ በአምሳል አፍ አሳወጀ፦ «ነገዷ ፈታይ፣ ወገኗ ሸረሪት፣ ስሟም ሸረሪተ ጥሩሰው ይሁን።» መንግሥቴም ጋቢውን አደግድጎ እጅ ነሣ።

ጠላ ቀረበ፣ አልቀመሰም፤ ጥብስ ቀረበ፣ በዓይኑ ብቻ ሸኘው፤ ድሯን ገና አልጨረሰችማ። የቀድሞ ነገሥታት የሰው አገር ወስደው ርስተ ጉልት አካፈሉ፤ ጥሩሰው ግን ከምላጭ ያተረፈውን የገዛ ሪዙን ለአንዲት ነቁጥ ርስት አድርጎ ሰጠ። ክብር ለሪዙ፣ ዕድሜም ለባለርስቷ፤ ጌታዋንም ከማስነጠስ ይሰውርልን።