ቅቤው እንዴት አደረ?

በየቤቱ አንድ ሹም አለ። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ የሚሽረውም የለም። አንዱ ቤት የመብራት ሹም ይኖራል፣ ከሰው ኋላ ኋላ እየሄደ አምፖል የሚያጠፋ። ሌላው ቤት የበር ሹም አለ፣ ቆልፎ ከተኛ በኋላ ተነሥቶ መቆለፉን የሚፈትሽ። ከሁሉም የከፋው ግን የወጥ ቤት ሹም ነው። መብራት ማታ ማታ ነው፤ ሆድ ግን ቀኑን ሙሉ ነው።

የኬክ ጋጋሪዋ ቤት ሹም አማቷ ነበሩ፣ የባሏ አባት። ግዛታቸው የወጥ ቤቱ ባንኮኒ፣ ሕዝባቸው አንድ ማሰሮ ቅቤ። እሷ እሳቸው በሌሉበት «ሊቀ ቅቤ» ብላ ሰየመቻቸው። ስሙ ከመግጠሙ የተነሣ ባሏ አንድ ቀን ፊት ለፊታቸው ሊጠራቸው ሲል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነው የዋጠው።

ሊቀ ቅቤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ከፍሪጅ ጀርባ ተንበርክከው እንጀራቸውን በልተው፣ ሁለት ልጅ አሳድገው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ከፍሪጅ ጋር ተቆራረጡ።

«እኔ ፍሪጅን ከውስጥ ነው የማውቀው» ይላሉ። «የሚያምኑት ከውጭ የሚያውቁት ናቸው።»

ፍሪጅ የገባ ቅቤ በሳቸው ሃይማኖት የሞተ ቅቤ ነው። ዳቦ ላይ ሲያደርጉት ዳቦውን ይቀድዳል፣ የፍሪጁን ሽንኩርት ይሸታል፣ ቢላዋ ያጣምማል። ቅቤ ባንኮኒ ላይ፣ ሰው መሃል፣ ለስልሶ መኖር አለበት። ለዚህም ዘዴ አላቸው። ሚስታቸው ሞተው ልጃቸው ቤት ሲገቡ ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣ ልብስና አንዲት የሸክላ ማሰሮ ነበር። ማሰሮዋ ሁለት ክፍል ናት። ቅቤው ከላይኛው፣ ኩባያ ከመሰለው ክዳን ውስጥ ይጠቀጠቅና ክዳኑ ተገልብጦ ታች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል። ውሃው አየሩን ይዘጋል፤ ቅቤው ሳይቀልጥም ሳይበላሽም ለስልሶ ይቀመጣል። ውሃው ጠዋት ጠዋት ይቀየራል፤ ትንሽ ጨው ጣል ይደረግበታል። «ጨው የሌለው ቅቤና ምክር የሌለው ሽማግሌ አይቆዩም» የሚል ተረት አላቸው። ተረቱን ከሳቸው በቀር ማንም ሰምቶት አያውቅም።

ዘዴው መልካም ነው፤ ማን ጠላው? ችግሩ ቦታው ነው። ሊቀ ቅቤ በገቡ ሰሞን ለማሰሮዋ ተስማሚ ቦታ ሊፈልጉ የድሮ ሙቀት መለኪያቸውን ይዘው ተነሡ። በየትንንሹ ሳህን ላይ ቁራጭ ቅቤ እያደረጉ ቤቱን ሞሉት። መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ቅቤ፣ ጫማ ማስቀመጫው ላይ ቅቤ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ቅቤ። ባሏ የሶፋው ክንድ ላይ የነበረችውን አላያትም፤ የዚያን ቀን ሥራ የሄደው ሱሪ ቀይሮ ነው። ያ ሁሉ ጥናት አልቆ ውሳኔው ሲነገር፣ በዚህ ሰፊ ዓለም ለቅቤ የሚስማማው ቦታ የባንኮኒው እምብርት ሆኖ ተገኘ። እሷ ኬክ የምታስጌጥበት ቦታ!

«አባባ፣ ወደ ዳር ብናደርጋትስ?» አለች።

«ዳር ላይ የመስኮቱ ንፋስ አለ።»

«ወዲያ ማዶስ?»

«ምድጃው አለ። ቅቤ አይቸኩልም ልጄ፤ አትቸኩዪበት።»

ከዚያ በኋላ ኬኳን እያዞረች ክሬም ስትቀባ ክርኗ ማሰሮዋን ይነካል፤ ማሰሮዋ ስትነካ ደግሞ ከሳሎን ጉሮሮ ይጠረጋል። እንዴት እንደሚሰሙ እግዜር ይወቀው። ስማቸውን ጠርተው ቢያወሯቸው ግን «እህ?» ነው መልሳቸው።

ጠዋት ተነሥተው ሲመጡ እንደ ሰው እንዴት አደርሽ አይሉም። «ቅቤው እንዴት አደረ?» ነው የሚሉት። ምራታቸው በጉንፋን ሰውነቷ እንደ እሳት እየነደደ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጋቢ ተከናንባ ቆማ «ቅቤው እንዴት አደረ?»

«ቅቤው ደህና አደረ፤ እኔ ነኝ ያላደርኩት» አለች ያን ቀን።

«ተመስገን» አሉ፤ የሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

ለባሏ ስትነግረው ሳቀ። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እናቴንም አንድ ቀን እንዴት አደርሽ ብሏት አያውቅም። ቅቤው እንዴት አደረ ነው የሚላት። ደህና ነው ካለችው ቤቱ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው።»

«እኔ እናትህ አይደለሁም» አለች። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከራትም።

እንግዳም ቢሆን ከሊቀ ቅቤ ችሎት አያመልጥም። ጎረቤታቸው፣ ጨዋ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ አንድ ቀን ቁርስ ተጋብዘው ማርማላታ የነካ ቢላዋ ቅቤው ውስጥ ከተቱ። ሊቀ ቅቤ ለቀብር እንደሚቆም ሰው ተነሥተው ቆሙ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ቤት ቅቤ የለም?»

«አለ እንጂ፣ ምነው?»

«እንግዲያው እሱን ያበላሹ።»

አስተማሪው ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚሉት ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ላይ ሆነው ነው። ፍርፋሪ የጣለ፣ ክዳን ሳይገጥም የሄደ፣ ማንቆርቆሪያ አጠገቧ ያፈላ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተፈርዶበታል። «ቅቤ ውስጥ ፍርፋሪ የሚጥል ሰው የሚጥለው ፍርፋሪ ብቻ አይደለም» ይላሉ። ሌላ ምን እንደሚጥል ጠይቆ የተረዳ የለም።

ነገሩ የፈነዳው በደንበኛ ነው። አንዲት የቢሮ ኃላፊ ነበረች፤ በየወሩ ለሠራተኞቿ የልደት ኬክ ታዝዛለች፤ የጋጋሪዋ ምርጥ ደንበኛ እሷ ናት። ኬኳን ልትወስድ መጥታ ሳለ ጋጋሪዋ ሪባን ልታመጣ ወደ ጓዳ ዞር አለች። ምን ነበረ ባትዞር!

«ልጄ» አሉ ሊቀ ቅቤ፣ «ቤትሽ ቅቤ የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ፍሪጅ ነዋ አባባ፣ ሌላ የት ይቀመጣል?»

«አዝናለሁ።»

«ምን ሆኜ ነው የሚያዝኑልኝ?»

«ላንቺ አይደለም፤ ለኬኩ ነው። እዚህ ውስጥ ያለው በእንክብካቤ ያደገ ቅቤ ነው። አንቺ ቤት ሄዶ ሊታሰር ነው።» ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ፍሪጅ አታስገቢውም። ቃል ግቢልኝ።»

ጋጋሪዋ ሪባኗን ይዛ ስትመለስ ሁለቱ ካርቶኑን ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። «ኬክሽ ወደር የለውም» አለች ደንበኛዋ፤ «ግን እኔ የመጣሁት ኬክ ልወስድ እንጂ ልመረመር አይደለም። ከእንግዲህ ሌላ ጋ ነው የማዝዘው።»

ጋጋሪዋ ስልኩን ዘግታ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ባሏ ዘንድ ገባች።

«ወይ ቅቤው ወይ እኔ!»

«ሁለታችሁም ታስፈልጉኛላችሁ» አለ ባሏ፤ ሁለታችሁ ያለው እሷንና አባቱን ይሁን እሷንና ቅቤውን አልለየለትም።

በመጨረሻ የባሏ እህት «እኔ ጋ ይምጣ፣ ቤቴ ሰፊ ነው» አለች። ለሊቀ ቅቤ ሲነገራቸው አልተከራከሩም። ሻንጣቸውን ሸከፉ። ማሰሮዋን ግን አልወሰዷትም።

«ቅቤ መንገድ አይወድም» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ቦታ ሲቀያይሩበት ይታመማል። ውሃውን ጠዋት ጠዋት ቀይሪ። ቀዝቃዛ። ጨው እንዳትረሺ።»

«እሺ አባባ» አለች፤ ልቧ ግን ባንኮኒው ላይ ነው።

ገና መኪናው ከመንቀሳቀሱ ማሰሮዋን አንሥታ ፍሪጅ ውስጥ ወረወረቻት። እፎይ! ባንኮኒው ከዳር እስከ ዳር የሷ ሆነ። ኬኳን እንደፈለገች አዞረች፤ ማንቆርቆሪያ ባሰኛት ቦታ አፈላች፤ ጉሮሮ የሚጠርግ የለም። እውነቱን ለመናገር የጠዋቱ ዳቦ በድንጋይ ቅቤ ሲቀደድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተራግማለች። ቢሆንም ነጻነት በነጻ አይገኝም ብላ የተቀደደውን በላች።

ሊቀ ቅቤ በየጠዋቱ ይደውላሉ።

«ቅቤው እንዴት አደረ?»

«ደህና አደረ አባባ» ትላለች፣ ፍሪጁን እያየች።

አንድ ጠዋት ግን ስልኩን ስታነሣ «እንዴት አደርሽ ልጄ?» አሉ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀች። አልመጣም።

«ሥራ እንዴት ነው? ባልሽ ደህና ነው? ጎረቤታችሁ አስተማሪው እንዴት ናቸው?»

አስተማሪው! ጋጋሪዋ ደነገጠች። እጇ ላይ ያለውን ሊጥ ሳትጠርግ ወንበር ሳበች።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ምን ይጎድልብኛል? ሁሉ ነገር ሞልቷል። ቅቤ ብቻ አይገባም፤ ለልብ ጥሩ አይደለም ብላለች እህትሽ። ወጥ ቤትም ገባ ገባ አልልም፤ ሠራተኛዋ አትወድም። ይሁን እንግዲህ፣ ሰው ቤት ተሁኖ…» አልጨረሱትም።

ሰው ቤት! የገዛ ልጃቸውን ቤት። ጋጋሪዋን አንጀቷን በላት። የሷን ቤት አንድ ቀን ሰው ቤት ብለው አያውቁም። ባንኮኒዋን እንኳ «ባንኮኒያችን» ብለው አያውቁም፤ «ባንኮኒዬ» ነበር የሚሉት። በዚህ በዚህ ስንት ቀን በቁጣ ጦፋ ነበር፣ አሁን ደግሞ ቃሉ ናፈቃት። ማን ያምናል? እሷም አላመነችም፤ አፏ ግን ቀደማት።

«አባባ፣ ቅቤው ተበላሽቷል።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«ምን አልሽ?»

«ተበላሸ። ይሸታል። ምን እንደማደርገው ጠፍቶኛል።»

«ፍሪጅ አስገባሽው! አስገባሽው አይደል? ነግሬሽ አልነበረም? ውሃውን ቀይረሻል? በምን ውሃ? ጨውስ? ኧረ የት አባቴ ልግባ! እንዲህ ያለ ጭካኔ እኔ ዕድሜ ልኬን…» ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ ድምፁ እንዲያም ሆኖ ወጥ ቤቱን ሞላው። እሷ እንባዋንና ሳቋን ባንድ እጇ አፍና ትሰማለች። ከሳቸው ኋላ የሴት ልጃቸው ድምፅ መጣ። «አባዬ ኧረ ደም ግፊትህ!»

«ግፊቴን ተይውና ሻንጣዬን አምጪ!»

ስልኩ ተዘጋ። ጋጋሪዋ ተስፈንጥራ ማሰሮዋን ከፍሪጅ አወጣች፣ ውሃዋን ቀየረች፣ ጨው ጣለች፣ ከባንኮኒው እምብርት አስቀመጠቻት።

ለምሳ ደረሱ። ሰላምታ የለም፣ ኮት ማውለቅ የለም፤ ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ገቡ። ክዳኑን አነሡ፣ አሸተቱ፣ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ቀመሱ።

«ይሄ ቅቤ ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ፣ ሸተተኝ።»

«አልሸተተም።»

«እንግዲያው አፍንጫዬ ይሆናል አባባ።»

ረዘም አድርገው አዩዋት። «አፍንጫሽ ነው» አሉ። ከዚያ ማሰሮዋን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ስንዝር ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጓት። «እዚህም አይጠላም» አሉና ኮታቸውን ሊያወልቁ ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ጋጋሪዋ ኬኳን በሰፊው እያዞረች ስትቀባ ሊቀ ቅቤ ዓይናቸውን እያሹ መጡ።

«ቅቤው እንዴት አደረ?»

«ደህና አደረ አባባ።»

«አንቺስ?»

እጇ ላይ ያለው የክሬም ቢላዋ ቆመ። ይህን ቃል ፊት ለፊት ካፋቸው ሰምታ አታውቅም። ምን ብላ እንደምትመልስ ስታስብ ግን እሳቸው የማሰሮዋን ክዳን ገልብጠዋል።

«ይሄ የማን ፍርፋሪ ነው?»

የሷ ነበር። ያኔ ባሏ ጸጉሩን እያበጠረ ገባ፤ እሷም ሳታመነታ ጣቷን ወደሱ ቀሰረች።