የአቶ ማንግ ግቢ ጸጥታ እንዴት እንደተከበረ

ክቡር አቶ ማንግ ጊቴ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በጡረታ በተሰናበቱ ማግስት አገር የማስተዳደር ጥማቸው ገና እንዳልረካ ተገነዘቡ። ዳሩ ግን በዚያች የደቡብ ኮሪያ ትንሽ ከተማ የቀራቸው ግዛት ግቢያቸው፣ የቀራቸውም ተገዢ ቦሪ የተባለ ጥርሱን ያልጨረሰ ቡችላ ብቻ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኦክቡን ተገዢነቱን ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ አልተቀበሉትም።

ቦሪ ይቆፍራል። የሽንኩርቱን መደብ ይቆፍራል፣ የአጥሩን ሥር ይቆፍራል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለበረዶው ወራት ኪምቺ የተባለው በበርበሬ ታሽቶ የኮመጠጠ ጎመን የተቀበረበትን ጋን ዙሪያውን ይጭራል። አቶ ማንግ ቡችላውን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የሥነ ሥርዓት ጉድለት የልማት ጸር መሆኑ ይታወቃል» ሲሉ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ቦሪ በጥሞና አዳምጦ ሲያበቃ የጫማቸውን ማሰሪያ በላ።

«የናሬ አባት፣ ልጅ እኮ ነው፤ ጉልበቱን የሚያወጣበት አጥቶ ነው። ጠዋት ጠዋት ወንዝ ዳር ይዘኸው ዞር ብትል…» አሉ ወይዘሮ ኦክቡን፣ ባላቸውን በልጃቸው ስም ጠርተው።

«ለአጥፊ ሽርሽር? የናሬ እናት፣ መንግሥት እንዲህ አይሠራም!»

«እኔ የማወራው ስለ ውሻ ነው።»

እርምጃው ተጀመረ። ቡችላው በአጥሩ ሥር እንዳይሾልክ የሽቦ መረብ መቅበር ግድ ሆነ፤ ለመቅበር ደግሞ መቆፈር ግድ ሆነ። አቶ ማንግ ዶማ አነሡ። በመጀመሪያ የሽንኩርቱ መደብ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ተነሣ። ቀጥሎ የውሃው ቧንቧ ተበሳ። ቦሪ በረንዳው ላይ ተጋድሞ፣ አገጩን እግሩ ላይ አሳርፎ፣ የባለሙያ ሥራ በአድናቆት ተመለከተ። በመጨረሻ ዶማው «ቋ!» አለና የኪምቺው ጋን ለሁለት ተከፈለ፤ ቀዩ መረቅ እስከ ደጁ ወረደ።

ወይዘሮ ኦክቡን አልጮኹም። አቶ ማንግን ያስፈራቸውም ይኸው ነው።

«በውሻው ምክንያት የደረሰ ጉዳት ነው» አሉ አቶ ማንግ ቀስ ብለው። «ከግቢው እንዲነሣ ወስኛለሁ። ወንድምሽ ጋ፣ እርሻው ይላክ።»

«ደህና» አሉ ባለቤታቸው፤ ስልክም አነሡ።

በማግስቱ ወንድማቸው ደክሱ መኪናውን ደጅ አቁሞ ገባና ግቢውን ቃኘ። «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ የቆፈረው የቱ ነው?»

ወይዘሮ ኦክቡን በጣታቸው አመለከቱ።

«ጎሽ! የስኳር ድንቹ ቁፋሮ ደርሶ ሰው አጥቼ ነበር። ይነሡ እንጂ አማቼ፣ ዶማዎን እንዳይረሱ!»

አቶ ማንግ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። የሚስታቸው ዓይን ይግባኝ የሚቀበል ዓይነት አልነበረም። ዶማቸውን ተሸክመው መኪናው ላይ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ኦክቡን በየማለዳው ቦሪን ወንዝ ዳር ያሯሩጡታል፤ ግቢው ረጋ። በሳምንቱ ደክሱ ደወለ።

«እንዴት ሆነልህ?»

«ኧረ ደህና ነው እትዬ! ይበላል፣ ይቆፍራል፣ ይተኛል። ሲመሽ ብቻ ወደ ከተማው ዞሮ ትንሽ ያላዝናል። ይለምዳል።»